ስምንተኛው ሺህ የገባው መቼ ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡና ተፈልቶ ቢነበብ ይሻላል።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከአሥር ሰው በላይ በውስጥ መስመር ልኮልኛል። አብዛኞቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ከሥሩ የሚጽፉት ጥያቄም ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ሰውየው ከኋላው የእሳት ምስል አድርጎ፣ ከዘንድሮ ሰኔ በኋላ ዓለም አሁን እንደምናውቃት እንደማትቀጥል ይናገራል። «ተገልጦልኛል» ይላል። መጨረሻ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣል። (ዓለም በሰኔ ካበቃች ብሩ ምን ያደርግለታል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም አልገባኝም።)

ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስለከበደኝ እዚሁ ልጻፈው። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የመጻሕፍት ሊቅ አይደለሁም። ጌታ ዳግም ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም እኔም ከሕዝቡ ጋር እደግማለሁ። የኔ ጥያቄ ቀን ቆርጠው የሚነግሩንን ሰዎች የሚመለከት ብቻ ነው።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያልጣማት ነገር ሁሉ «ስምንተኛው ሺህ!» ነበር። ልጅ ለአባቱ መልስ ሲሰጥ ስምንተኛው ሺህ። ጤፍ ሲወደድ ስምንተኛው ሺህ። ጎረቤት ቡና ጠርቶ ሳይጠራት ከቀረማ በቃ፣ ሰማይ ሊጠቀለል ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ዘመን አቆጣጠር ሳስተምር ሁሌም ከሷ ነው የምጀምረው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። ዘንድሮ 2018 ነው። ደምሩት፦ 7518። ታዲያ ሰባተኛው ሺህ የሞላው መቼ ነው? በ1500 ዓ.ም.። ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501፣ በፈረንጆቹ 1508 መሆኑ ነው። አያቴ ገና ዛሬ ጠዋት የገባ ይመስል የምትጮህበት ዘመን 518ኛ ዓመቱን ይዟል።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እንግዲያው እስኪያልቅ ገና 482 ዓመት አለን ማለት ነው?» አለችኝ። አንቺም ቀን ቆራጭ እንዳትሆኚብኝ ብያት ተሳሳቅን።

ግን በዚያን ጊዜ የነበሩትን ሰዎች አስቡ። ሰባት ሺው ሞላ። በዚያው ሰሞን ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ነገሠ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያም የኢማም አሕመድ ጦር እዚህ እኛው ጋ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ መጣ። ይሄ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። ያን ጊዜ በገዳሙ የነበረ አንድ መነኩሴ «ስሌቱም ሞላ፣ ምልክቱም ደረሰ፣ አበቃ» ቢል ምን ብላችሁ ትከራከሩታላችሁ? ከዛሬው የቪዲዮ ሰባኪ የሱ ማስረጃ በስንት እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ዓለም አላበቃችም። ገዳሙ ዛሬም አለ። የዚያ ጦርነት የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ደግሞ ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ አንድ ረከቦት ከበው ቡና ይጠጣሉ። ወሎ ነዋ!

እኛ ብቻ አይደለንም። ሩሲያዎች በራሳቸው አቆጣጠር 7000 የሞላላቸው በፈረንጆቹ 1492 ነበር። የፋሲካን ቀን የሚያወጡበት ሠንጠረዥ እዚያ ዓመት ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፋሲካ ስለማያስፈልግ! ዓመቱ ሲመጣ ዓለም አለች። የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ሠንጠረዡ እንዲቀጥል አደረገ። ይህቺን ታሪክ በጣም እወዳታለሁ። ማንንም ሳይሳደቡ የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ ማስላት።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ አርባ ዓመት በሰላም እንደሚገዛ ይናገራል። ይህ ትንቢት በሕዝቡ አፍ ለብዙ ዘመን ኖረ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የንግሥ ስማቸውን ቴዎድሮስ ያሉት በዋዛ አይደለም። ዘመነ መሳፍንት ያንገሸገሸው ሕዝብ የሚጠብቀው ስም ነበር። የገዙት ግን 13 ዓመት ነው፤ ሰላሙንም ታሪክ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። መቅደላ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለችም፣ የኛው ደቡብ ወሎ ናት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ትንቢቱ ከሳቸው ጋር መቅደላ ላይ አልተቀበረም። «እሳቸው እውነተኛው ቴዎድሮስ አልነበሩም፣ እውነተኛው ገና ይመጣል» ተባለና ቀጠለ። ዛሬም ዩቲዩብ ላይ የት እንደተወለደ፣ የት እንደተደበቀ፣ ስንት ዓመት እንደቀረው የሚነግሩን አሉ። እንዲህ ዓይነት ትንቢት በምንም አይሸነፍም። አንድ ሰው ይሠረዛል እንጂ ትንቢቱ አይሠረዝም። የማይሸነፍ መሆኑን ብዙ ሰው የእውነትነቱ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ደግሞ ጨርሶ ሊፈተን የማይችል ነገር መሆኑን ነው የማይበት። በምንም መንገድ ሊወድቅ የማይችል ተማሪ አለፈ ይባላል እንዴ?

ቀን የሚቆርጡት ይሻላሉ፤ ቢያንስ ይፈተናሉ። አሜሪካዊው ገበሬ ዊልያም ሚለር ከትንቢተ ዳንኤል 2300 ቀን ተነሥቶ አሰላ፤ ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 (በፈረንጆቹ) ጌታን ጠበቁ። ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ነበሩ። ሃሮልድ ካምፒንግ የሚባለው የካሊፎርኒያ የሬዲዮ ሰባኪ ደግሞ በ1994 ብሎ ነበር፤ ሲያልፍ ግንቦት 21 ቀን 2011 አለ፤ ሲያልፍ ወደ ጥቅምት 21 አዛወረው። አንድ ጡረታ የወጣ የኒውዮርክ የትራንስፖርት ሠራተኛ ያጠራቀመውን 140 ሺህ ዶላር ያህል ለማስታወቂያ አወጣለት። ካምፒንግ በኋላ ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበር በጽሑፍ አምኗል። ለዚህ አከብረዋለሁ፤ ከዚህ መንደር ሰዎች እንዲህ የሚያደርግ ብርቅ ነው። የሰውየውን 140 ሺህ ግን ማን መለሰለት?

ዘንድሮ መስከረም 13 እና 14ንም አትርሱ። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ በነዚያ ቀናት አማኞች ይነጠቃሉ ብሎ ቲክቶክን በዓለም ዙሪያ አጥለቀለቀው። ሥራ የለቀቁ፣ መኪና የሸጡ እንዳሉ ተዘገበ። እኛ በሁለት ቀኑ ደመራችንን ደመርን።

አፍሪካ ውስጥ ዋጋው ከመኪናም አልፎ ያውቃል። በኡጋንዳ ካኑንጉ፣ በፈረንጆቹ 1999 መጨረሻ ላይ ዓለም ያበቃል ያሉ መሪዎች ቀኑ ሲያልፍባቸው በመጋቢት 2000 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው በተዘጋ ቤት ውስጥ በእሳት አለቁ። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ጌታን ለማግኘት ብለው በረሃብ እንዲሞቱ የተነገራቸው ሰዎች ነበሩ። ሕፃናትም አሉበት። ይህንን የምጽፈው «አቦ፣ ቪዲዮ ነው እለፈው» ለሚሉኝ ጓደኞቼ ነው።

እኔ በ2012 መጋቢት ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ስፈታ አንድ የተማሪ ደብተር አነሣሁ። አራት መስመር አሰመርኩበት፦ ማን ተናገረ፣ መቼ ተናገረ፣ ምን ይሆናል አለ፣ ምን ሆነ። ከዚያ አንበጣው መጣ፤ የደረሰ ማሽላ ላይ እንደ ደመና ሲወርድ በዓይናችን አየነው። ከዚያ ጦርነቱ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ሐይቅም ደሴም ጦርነቱ ገባባቸው፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያሳለፍነውን እዚህ አልዘረዝረውም፣ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ እንኳ ትንቢት አልጠፋም ነበር፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። አንዱ በሦስት ቀን ያበቃል ይላል፣ ሌላው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። ሁሉንም ጻፍኩ። ባለፈው ዓመት በፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አዲስ ገጽ ገለጥኩ።

ደብተሩ ምን ይላል? ቀን የቆረጡት በሙሉ አልሆኑም። ቀን ያልቆረጡት አራተኛው መስመራቸው ባዶ ነው፤ «ታላቅ መከራ ይመጣል፣ አንድ ትልቅ ሰው ይወድቃል» ለሚል ምን ልጻፍ? የትኛው አገር፣ የትኛው ዓመት ነው መከራና የሚወድቅ ትልቅ ሰው ያልነበረበት? ሦስተኛዎቹ ነገሩ ከሆነ በኋላ «ተናግሬ ነበር» የሚሉ ናቸው። የነሱን የድሮ ቪዲዮ ፈልጌ ሳየው ያልተነገረ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ነው። አንዱማ አምስት ነገር ተናግሮ አራቱን አጥፍቶ የገጠመችለትን አንዷን ብቻ አስቀርቷል። እንዲህማ ከሆነ እኔም ለፈተና የማወጣውን ጥያቄ ሁሉ መገመት እችላለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን በዚህ ነገር የዋህ ሁኑ አይልም። ዘዳግም ምዕራፍ 18 መጨረሻውን አንብቡት፦ በእግዚአብሔር ስም የተናገረው ነገር ካልደረሰ ያ ሰው በድፍረት ከራሱ የተናገረ ነውና አትፍራው ነው የሚለው። ማቴዎስ 24፥36 ያቺን ቀን መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ይናገራል። መላእክት ያልተነገራቸውን የቴሌግራም ቻናል ነገረን።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል የነበረች አንዲት ተማሪ ነበረችን። ቤተሰቦቿ ከአርዲቦ ዳር ናቸው፤ በእግሯ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዛ ነው የምትማረው። ፊዚክስ ላይ ጎበዝ፣ ታሪክ ላይም አታሳፍርም። ተማሪዎች ፋይዳ አውጡ ሲባሉ እሷ አላወጣችም። አሻራና የዓይን ፎቶ የሚወሰደው ለ666 ነው የሚል ቪዲዮ ወንድሟ ስልክ ላይ አይታለች። «ቲቸር፣ እሱን ከወሰድኩ ስሜ ከሕይወት መጽሐፍ ይፋቃል» አለችኝ። ስትናገር ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰንፋ ወይም ሰበብ ፈልጋ አይደለም፤ ከልቧ ፈርታ ነው። ቪዲዮው ደግሞ «እስከ ሰኔ» የሚል ቀን ነበረው። ሚያዝያ ላይ ከነጭራሹ ቀረች። ዓለም በሰኔ ካበቃች የሐምሌ ፈተና ለማን ነው?

እኔም ታሪኩን ነግሬያታለሁ። 666ን ብዙ ሊቃውንት በዕብራይስጥ ፊደል ቁጥር ከኔሮን ቄሣር ስም ጋር እንደሚያገናኙት። በሉተር ዘመን ጳጳሱ ነው ሲባል እንደነበር። ቶልስቶይ በጦርነትና ሰላም ውስጥ ፒየር የሚባለው ገጸ ባሕርይ የናፖሊዮንን ስም ደምሮ 666 ሲያወጣ እንደጻፈ። ቀጥሎ የሱቅ ዕቃ ላይ ያለው ባርኮድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ክትባቱ፣ አሁን መታወቂያው። አዳመጠችኝ፣ አልተከራከረችኝም፣ አልመጣችምም።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ጓደኞቿ ተፈተኑ። ሰባኪው በነሐሴ አዲስ ቪዲዮ ለቀቀ፤ ስለ ሰኔው አንድ ቃል አልተነፈሰም። የልጅቱ አባት ሽንኩርት ሸጠው ደብተር የገዙላት ሰው ናቸው። ትምህርት ቤት መጥተው «ይችን ዓመት ለልጄ ማን ነው የሚክስልኝ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። የሐሰት ትንቢት ሒሳብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚዘጋው፤ የተናገረው ቻናሉን ያሳድጋል፣ ያመነው ዓመቱን ይከፍላል።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በዚህ ጉዳይ ተከራክረናል፤ እሱ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል፣ የማከብረው ሰው ነው። እሑድ እሑድ አንዳንዴ ወደ አርዲቦ ወርደን ቆሮሶ ጠብሰን እንበላለን፤ ሦስተኛችን የሒሳብ መምህር ነው፣ ሙስሊም ነው። ባልደረባዬ ያነሣው ነገር ቀላል አይደለም። «ኖኅም ተሳቀበት» አለኝ። «አንተ ዛሬ እንደምትስቀው ሳቁበት። ዝናቡ መጣ። መቶ ሐሰተኛ መኖሩ መቶ አንደኛው ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?»

አይደለም፣ ልክ ነው። ግን መቶ ሐሰተኛ ካየሁ በኋላ መቶ አንደኛውን ተጠንቅቄ ልስማው አይገባም? ደግሞ ኖኅ ዘመኑን ሁሉ እንጨት ሲጠርብ ነው የኖረው። እነዚህ የሚሉን የያዛችሁትን ጣሉ ነው። በተሰሎንቄም የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ነበሩ። ጳውሎስ በወሬው እንዳይናወጡ፣ እነዚያም ሠርተው የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ ነው የጻፈላቸው። የሒሳቡ መምህር ዓሣውን እያገላበጠ «የናንተ ሰው ቀን ይቆርጣል፣ የኛ ሰው የቂያማ ምልክት ይቆጥራል፤ እኔ ጋ ሲመጡ ግን ሁለቱም መደመር አይችሉም» ብሎ አሳቀን። ባልደረባዬ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማም። «አንተ ቀን ቆራጮቹን ስትመታ ሰው መጠበቁን ጭምር እንዳይተው እሠጋለሁ» አለ። ይሄ ሥጋቱ እኔንም ይገባኛል፤ በአንድ ፖስት የሚመለስ አይደለም።

እዚያው ሳለን አንድ አዛውንት መጥተው አረፍ አሉ። የጨዋታችንን ጫፍ ሰምተው ኖሮ በከዘራቸው ወደ ውሃው አመለከቱን። «ልጆቼ፣ ምን ያከራክራችኋል? ይሄው ሐይቁ ራሱ ይናገር የለም? ድሮ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር። ሲሸሽ አያችሁ። የዘመን ማለቅ ምልክት ነው» አሉን። አርዲቦ ከሐይቅ ሐይቅ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ሲሞላ ትርፉ በአንኳርካ ወንዝ ወርዶ ወደዚያኛው ይገባል። ሽማግሌው ያንን ያውቁታል፣ ሲወርድ አይተው ያደጉ ናቸው።

የሒሳቡ መምህር በአክብሮት ጠየቃቸው፦ «አባ፣ ውሃ የሚስቡት ሞተሮች ድሮ ስንት ነበሩ?»

አሰቡ። «ድሮማ ሞተር የት ነበረ?»

«አሁንስ?»

መቁጠር ጀመሩ። የእገሌ፣ የእገሌ ወንድም፣ የማኅበሩ፣ እየቆጠሩ የራሳቸው ልጅ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከላይ ከተራራው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ደለል ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ጨመሩበት፤ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ለረጅም ሰዓት ያወራነው ስለ ሞተር ተራ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ እርከን ነው። ትንቢቱን ማንም መልሶ አላነሣውም። ሲነሡ «ታዲያ መጀመሪያ የማን ሞተር ይቁም?» ብለው ጠየቁን፤ ለዚህም መልስ አልነበረንም፣ ቢያንስ ግን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

ልጅቱ ዘንድሮ በግል ልትፈተን እያነበበች ነው። ፋይዳዋንም አውጥታለች። ያሳመንኳት እኔ አይደለሁም፤ ወር ሙሉ በታሪክ የሞከርኩትን የንስሐ አባቷ በአንድ ምሽት ጨርሰውታል። «ያ ምልክት ለአውሬው መስገድ ነው ልጄ፣ አሻራ ለቀበሌም ስትሰጪ ኖረሻል» አሏት አሉ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ፦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስና የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ፣ የቆየ የፈተና ወረቀትም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደሴ ያላችሁ ለሐይቅ ሚኒባስ ሹፌር ብትሰጡት መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ቪዲዮውን ግን ከእንግዲህ አትላኩልኝ፣ ደርሶኛል፤ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አራተኛውን መስመር ሐምሌ 1 ቀን እሞላዋለሁ።